ቴታን ማን ይጥራት

የዓሣ አጥማጁ የኦስላክ ጀልባ ረግረጉ ውስጥ ተገልብጣ ከተገኘች ወዲህ፣ ስለ ሴት ልጁ ስለ ቴታ የሚያወራ ሰው ሁሉ አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ ምላሱን ይሰበስባል። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ አሁን ደግሞ አባቷ። በዚያ በጥንቱ ዘመን እንግሊዞች እንዲህ ወላጅ አልባ የቀረውን ልጅ «ስቴፕችልድ» ይሉታል፤ ቃሉ ገና የእንጀራ ልጅ ማለት አልነበረም። ግን ቃሉ ዕዳ አለው። እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ፣ ሰው እየሰማ፣ መጀመሪያ በዚህ ስም የጠራው ሰው ልጁን ወስዶ ያሳድጋል፤ የአባትየውንም የዓሣ ወጥመድ ልጁ እስኪያድግ ይይዛል። በረዶው ሊወርድ ሲል ደግሞ ማን ተጨማሪ አፍ ይፈልጋል? ስለዚህ መንደሩ ከንፈሩን መጠጠና ዝም አለ።

ቴታም ዝምታውን ወደደችው። ማንም እስካልጠራት ድረስ አባቷ አልሞተማ።

ዝምታው ያልጣመው እሪያ አርቢው ግሪም ብቻ ነበር፤ ወጥመዱን ይመኘዋል። አምና የጠራው ልጅ ከእሪያዎቹ ጋር ሲያድር ከርሞ ፋሲካ ሳይደርስ ተቀበረ። ይህን የማያውቅ የለም፣ የተናገረም የለም።

አንድ ጠዋት ግሪም ሁለት ምስክር ይዞ መጣ። ቴታ ገና ድምፁን ስትሰማ በሩን ቀረቀረች።

«ክፈቺ እንጂ የኔ ልጅ፣ ምን ያስፈራሻል?»

«ጋሼ ግሪም፣ አባቴ ሲመጣ ይከፍትልዎታል!»

«አባትሽማ የዓሣ እራት ሆኗል» አለና በሩን በትከሻው ገፋው። መቀርቀሪያው ተሰነጠቀ።

ያኔ ከጓሮ በኩል፣ ዶሮዎቹ ከሚገቡበት ቀዳዳ፣ «አንቺ ቅማላም፣ በዚህ ውጪ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጎረቤቷ አሮጊቷ ቡጋ ናት፤ ፍም ስታበድር እንኳ እጇ የሚንቀጠቀጥ ቋጣሪ።

ቴታ በደረቷ ተሳበች። ጭንቅላቷ እንደወጣ የቡጋ እጅ ጠጉሯ ላይ አረፈ። ቃሉ ግን ከአሮጊቷ አፍ አልወጣም። አንደኛው ምስክር ቤቱን ዞሮ መጥቶ ቆሞ ያያል።

«ገብሴ እኮ ለእኔም አይበቃ» አለች ቡጋ ለራሷ።

ከውስጥ በሩ ተገነጠለ። ሻካራ እጅ የቴታን ቁርጭምጭሚት ይዞ ይጎትታት ጀመር። አባቷ ጭቃውን እያራገፈ ከረግረጉ ሲወጣ በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት፤ ስትጠብቀው የነበረው እንደዚያ ነበር። አሁን በገዛ አፏ ልትቀብረው ነው።

«እማማ ቡጋ፣ ይጥሩኝ!» ብላ ጮኸች። «አባቴ ሞቷል! ይጥሩኝ!»

ቡጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስቴፕችልድ!» አለች፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ።

እግሯን የያዘው እጅ ለቀቃት። ቴታ ከወደቀችበት ሳትነሳ፣ ጀልባዋ ከተገኘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቷ አለቀሰች።