ያ አንድ «ይቅር»

ልጅ ሳለ ከበር ኋላ ሆኖ የሰማው ወሬ ነው። አባቱ፣ አጥራቸውን በጋሪ ገጭቶ ካፈረሰው ጎረቤት ጋር ይነጋገራል። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ይቅር አላልኩም» ነበር ያለው? ወይስ ተገላብጦ? ጎረቤትየው የመለሰለትም ጠፍቶበታል። የማይረሳው ግን አጥሩ በዚያው ጎረቤት እጅ ተመልሶ መቆሙን ነው።

በያጁ ይህን ሲያብላላ የበሩን ማጠፊያ በተሳሳተው ጎን በየደው።

«ይሄ በር ወደ ግድግዳው ነው እንዴ የሚከፈተው?» አለች ሚስቱ፣ የምሳ ዕቃውን ከመሣሪያዎቹ መሃል እያስቀመጠች። «ደወለች?»

«ማን?»

«ማን ይለኛል ደግሞ! ዓቃቤ ሕጓ ናታ።»

ደውላለች፤ ደጋግማ። እሱ ነው ያላነሳው።

ልጃቸውን እግረኛ ማቋረጫ ላይ የገደላት ወጣት ከጓደኛው ጋር በመኪና ሲሽቀዳደም ቀይ መብራት ጥሶ ነበር። ሁለት ዓመት ተፈረደበት። «የሟች አባት ይቅር ማለታቸው ቅጣቱን አቅልሎለታል» አሉ ዳኛው ሲያነቡ። እውነት ነው፤ ከፍርዱ በፊት ችሎቱ ደጃፍ ላይ ወጣቱ በበያጁ ጫማ ላይ ወድቆ ሲንሰቀሰቅ፣ በያጁ ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ነውና፣ ብብቱን ይዞ አንስቶ «ይቅር፣ ይቅር በቃ» ብሎታል። የወጣቱ ጠበቃ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ለዳኛውም ነገራቸው። ዓቃቤ ሕጓ ይግባኝ የምትልበት ጊዜ ደግሞ ነገ ያበቃል።

«የልጄን ደም ያረከስከው አንተ ነህ» አላለችውም ሚስቱ። ብትለው ይቀለው ነበር።

«ሂድና ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ? በፈጣሪ ፊት የተፋሁትን መልሼ ልላስ?»

«አንተ ሰው፣ አንተን የበደለህን ይቅር በል፤ ማን ከለከለህ? የልጃችንን ድርሻ ግን ማን ሰጠህ?»

የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፋ። የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም። ወዲያው ውጭ መኪና ፍሬን ሲይዝ ሲጢጥ አለ፤ ሁለቱም ክው አሉ። ማንም አልተነካም፤ ሹፌሩ ተሳድቦ ሄደ። ሚስቱ ግን እጇን ከደረቷ አላወረደችም።

ስልኩ ጠራ። ጭምብሉን ገፍቶ አነሳው።

«አባት፣ በስንት መከራ!» አለች ዓቃቤ ሕጓ። «ቅጣቱ አነሰ ብለን ይግባኝ የምንለው እኛ ነን። ግን ያ ይቅርታዎ እጃችንን አሰረው። ምን ማለትዎ ነበር?»

«ልጄ…» አለ። «አባቴ አጥሩን ላፈረሰው ጎረቤት ይቅር ብሎታል። አጥሩ ግን ቆሟል።»

«አልገባኝም፣ አባት።»

«ቂሙ ይቅር አልኩ እንጂ ፍርዱ ይቅር አላልኩም።»

ዓቃቤ ሕጓ ቃሉን እየደገመች ጻፈችው።

«ይህንኑ ነገ ጠዋት መጥተው በቃልዎ ይሰጡኛል? ምናልባት በኋላ በወጣቱ ፊትም መድገም ይኖራል።»

የወጣቱ እንባ ያረጠበው ጫማ አሁንም እግሩ ላይ ነው። ቁልቁል አየው። ከዚያ ሚስቱን አየ፤ እሷ እጇን በተሳሳተው ጎን በተበየደው ማጠፊያ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«እመጣለሁ» አለ። «ይቅር ማለቴን ግን እንዳትሰርዢብኝ። ሁለቱንም ጻፊልኝ።»