ጋሽ ነጋሪት የዘለላት ቃል

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ በቴሌግራም እንዳቋቋመችው ግሩፕ የምትኮራበት አልነበራትም። ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ በድምፅ እያነበቡ የሚልኩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሾፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ አንዱ የአንዱን ፊት አያውቅም። «ደንብ አውጪ እንጂ» የሚላት ሲመጣ ደረቷን ነፍታ፣ «እኛ ቤተ ዘመድ ነን! ቤተ ዘመድ ደግሞ በአንቀጽ አይተዳደርም» ትል ነበር።

ችግሩ፣ ከቤተ ዘመዱ መሃል እውነተኛ ዘመዷ መኖሩ ነው። አባቷ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው፤ ግሩፑ «ጋሽ ነጋሪት» ይለዋል። የሌሎቹን ንባብ እየሰማ የሚያርመው እሱ ነው። እውነቱ ይነገርና፣ ከጆሮው የሚያመልጥ ስህተት የለም። ምላሱ ግን ምላጭ ነው፤ በተለይ ቃል የዘለለ ሰው እጁ ላይ ከወደቀ አለቀለት። ነርሷን «እያነበብሽ ነው ወይስ እያዛጋሽ?» ብሎ አስለቅሷታል። ልጁ «አባዬ እኮ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም» እያለች ስትሸፋፍንለት ኖረች። አይ ሞኝ! ስልክ መቼ ልብ ያሳያል?

የአውቶቡስ ሾፌሩ ለአንዲት ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ የፈተና መጽሐፏን ያነብላት ነበር፤ ከሥራ በኋላ አውቶቡሱን አቁሞ፣ መስኮቱን ዘጋግቶ። አንድ ቀን አንድ መስመር ዘለለ። ጋሽ ነጋሪት በሰው ሁሉ ፊት፣ «ፌርማታ እንደምትዘለው መስመር ትዘላለህ? መሪህን ያዝ፣ መጽሐፉን ተወው!» አለው። ሾፌሩ ከግሩፑ ወጣ። ፈተናው ደርሷል፣ መጽሐፉ ግማሽ ላይ ቀረ።

ተማሪዋ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወለች። «እትዬ፣ ለምነሽ ትመልሺው ይሆናል። ነገስ? ደጁ ላይ ቆመው የሚሳደቡት አባትሽ ከሆኑ ማን ደፍሮ ይገባል?»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ደንብ ጻፈች። መጀመሪያ ምስጋና፣ ቀጥሎ እርማት፤ የተሳደበ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለአንድ ሳምንት ዝም ይላል። እዚህ ላይ ስትደርስ እጇ ከበዳት፤ አባት ነዋ! ያለፈው እንዳይነካው ብላ «ከዛሬ ጀምሮ» የምትል ጨመረችበት። ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ቢጠበው የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ተወችለት።

በግሩፑ ልማድ ግን የተጻፈ ሁሉ በድምፅ መነበብ አለበት፤ አለዚያ ዓይነ ስውር ለሆነው ግማሹ አባል አይደርሰውም። ከጋሽ ነጋሪት የተሻለ ድምፅ ደግሞ ከየት ይመጣል? ወረቀቱን ሰጠችው። በዝምታ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው።

«እኔን ነው?»

«ሁላችንንም ነው፣ አባዬ።»

«ስልኩን አምጪው።»

ጉሮሮውን ጠርጎ በዚያ የዜና ድምፁ አነበበ። መጨረሻ ላይ፣ «የመጀመሪያው ተቀጪ ይህን ያነበበው ሰው ነው። ሾፌሩን በድያለሁ፤ ይቅርታ» ብሎ ላከው። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች።

«አባዬ! ‹ከዛሬ ጀምሮ› የሚለውን እኮ ዘለልከው!»

«ሠላሳ ዓመት ዜና ሳነብ አንዲት ቃል ዘልዬ አላውቅም» አለ። «ይቺን ግን አውቄ ነው። ደንቡ ለሌላው ሠርቶ ለእኔ ሊለሰልስ ነው? እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩሽም።»

ድሮም በአባቷ ትኮራ ነበር፤ እንደዚያን ዕለት ግን ኮርታ አታውቅም። ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ መለሰች፣ እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሾፌሩ ተመለሰ፤ አዲስ ምዕራፍም ላከ። አባትና ልጅ መጽሐፉን ገልጠው አብረው ሰሙት። መሃል ላይ ሾፌሩ አሁንም አንድ መስመር ዘለለ። ጋሽ ነጋሪት ከወንበሩ ብድግ አለ፣ አፉን ከፈተ፣ ልጁን አየ።

«ቅጣት ላይ ነህ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ጣቱን የተዘለለው መስመር ላይ አሳረፈ። «አንቺ ንገሪው። መጀመሪያ ግን አመስግኚው።»