ሦስት መቶ ፈረስ በአሸዋ ዳገት

ሰሜን አይስላንድ ውስጥ፣ በጎች ከተራራው ግጦሽ በሚሰበሰቡበት በየመስከረሙ፣ የሰብሳቢ ፈረሰኞቹን ስንቅ እስከ ላይኛው ጎጆ የምታደርሰው ስቴንቮር ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ! ዘንድሮ ግን የሰብሳቢዎቹ አለቃ፣ «የተራራው ንጉሥ» የሚሉት ሃፍሊዲ፣ ስጋውን፣ ሾርባውንና ቂጣውን ሁሉ የወንድሟ ልጅ ብሪንያር መኪና ላይ አስጫነው። ለእሷ የተረፋት የፈረሶቹ ድርቆሽ ነው።

«ድርቆሽ?» አለች።

«ምን ላድርግ ስቴንቮር» አለ ሃፍሊዲ፣ የሚያመውን ጉልበቱን እያሸ። «መኪናሽ አርጅታለች። ልጁ ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያላት ገዝቷል። ያንቺ ስንት ነው?»

«ዘጠና።»

«ከዘጠናዎቹም ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል እኮ አክስቴ!» ብሎ ሳቀ ብሪንያር።

«እኔን ጡረታ የሚያወጣ ገና አልተወለደም! ስማ፣ የፈረስ ጉልበት ለሩጫ ነው። ያንተዎቹ የሚነቁት ሞተሩ ሲጮህ ነው። የእኔ ናፍጣ ቀስ ብሎ እየዞረም ጎማውን ይገፋዋል። ቶርክ የሚሉት እሱ ነው፤ ዳገት የሚያወጣውም እሱ።»

«ዛሬ ልጁ ስንቁን በሰላም ካደረሰ፣ ሥራው ከእንግዲህ የእሱ ነው» አለ ሃፍሊዲና ብሪንያር አጠገብ ገባ።

ስቴንቮር መሪዋን ጨብጣ ተከተለቻቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ሃያ ሰው እጇን የሚጠብቅበት ቀን በዓመት ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ይሄንንም ልትለቅ? ምን ቆርጧት!

ጎጆው ከጥቁሩ የአሸዋ ዳገት በላይ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሁለቱም እንደ ደንቡ ወርደው የጎማቸውን ንፋስ አስተነፈሱ። ጎማ ካልላላ እዚያ አሸዋ ላይ አይሄድም፤ ይህን ብሪንያርም አይስተውም። የሳተው ሌላውን ነው። ተንደርድሮ መጣና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠው። ሞተሩ አገር እስኪሰማ ጮኸ። መኪናዋ ግማሽ መንገድ በረረች፤ ከዚያ ጎማዎቿ በባዶ ይሽከረከሩ ጀመር። እሱ ደግሞ፣ አይ ግትርነት፣ እግሩን ማንሣት ሲገባው ጨመረበት! የመኪናዋ ሆድ አሸዋው ላይ እስኪተኛ ድረስ ቆፈረ።

ስቴንቮር ለዳገት የሚሆነውን ረዳት ማርሽ አስገባች፤ አንደኛ ላይ አድርጋ ነዳጁን ለአመል ያህል ነካችው። ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ጎማው አንዴ እንኳ ሳይንሸራተት፣ እግረኛ በሚቀድማት ፍጥነት ወጣች። አጠገባቸው ስትደርስ አልቆመችም፤ በመስኮት ብቅ አለች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ የወንድሜ ልጅ!»

«ኧረ አክስቴ፣ ጎትቺን!»

«መጀመሪያ ስንቁ! ሃያ ሰው ርቦታል። መኪናህ የትም አትሄድም።»

አናቱ ላይ፣ መሬቱ ጠንከር ያለበት ቆማ ጠበቀቻቸው። ብሪንያር የሾርባውን ድስት፣ ሃፍሊዲ እያነከሰ የቂጣውን ሳጥን ተሸክመው፣ አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየዋጣቸው እሷ መኪና ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። አላገዘቻቸውም። ደስ ብሏታል፤ ምን ያስደብቃል!

ሃፍሊዲ የመጨረሻውን የበግ ጭን ጭኖ ላቡን ጠረገ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«እሺ፣ አንቺው ልክ ነበርሽ» አለ። «ስንቁን ከዛሬ ጀምሮ ለአንቺ ሰጥቻለሁ።»

ስቴንቮር ሞተሩን አስነሣች።

«ማን ወሰደብኝና ነው የምትሰጠኝ? ይልቅ ግባ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»