ደመላሽ

ጥበቡ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ቴፒ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተር ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል።

በደርግ ጊዜ የሚጽፈው ሌላ ነበር፤ ሰውን አደባባይ የሚያስወጣ በራሪ ወረቀት። አንብበው ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እሱ የተረፈው ከጽሑፉ ሥር «ደመላሽ» እያለ ስለሚፈርም ነው። ደመላሽ ማን እንደሆነ ያወቀ የለም።

ዛሬ ፊቱ የተቀመጠችው ዘይቱ ባሏ ሞቶባት፣ የቡና ማሳዋን አንድ ባለሀብት በሽቦ አጥሮባታል። ጥበቡ ማመልከቻውን ጽፎ አነበበላት። ጣቷን ቀለም ውስጥ ለመንከር ስታመነታ፣ «አይዞሽ፣ ምን ያስፈራሻል?» አላት። አሻራዋን አሳረፈች። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ያነበበለትም መፈረም አለበትና እሱም ሞነጨር አድርጎ ሰጣት።

ብዙ ሳትቆይ ተመለሰች።

«መዝገብ ቤቱ ‹ደመላሽ የሚባል ጸሐፊ አናውቅም› አለኝ።»

ጥበቡ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን አየ። ሠላሳ ዓመት በአፉ ያልጠራውን ስም እጁ አልረሳውም።

«እህቴ፣ ሌላ ሰው ይፈርምልሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለሀብቱ ክፉ ነው። የእኔ ስም ባይገባበት ይሻላል።»

ዘይቱ ቀለም ያልለቀቀ ጣቷን አሳየችው።

«ጋሼ ጥበቡ፣ የእኔስ?»

ይህን ሊጠይቁት የሚገባቸው ሌሎች ነበሩ፤ አልተመለሱም እንጂ።

እግሩ ከመቼውም ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲያም ሆኖ ደመላሽን ሰርዞ ስሙን ጻፈ፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።