የተንቀሳቀሰው ቅርፊት

ጠረጴዛው ከእናቱ አልጋ ግርጌ ነበር። በላዩ አንድ ካሜራ፣ ከካሜራው ፊት የተቀጠለ የማይክሮስኮፕ ሌንስ፣ ከሌንሱ ፊት ደግሞ በብሎን ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ ትንሽ የብረት መቀመጫ ነበር። አልጋው ላይ እናቱ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ በሁለት እጆቿ ላይ ረጃጅም ካልሲ ተጠልቆ አንጓዋ ላይ በጨርቅ ታስሯል። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ የደንበኛ ፀጉር ታደርቃለች። ቀኑ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቱን የሚወስደው የአረጋውያን ማቆያ መኪና ይመጣል።

ብሎኑን በጥቂቱ አዞረና ትንፋሹን ዋጠ። ካሜራው ቀጭ አለ።

«እማዬ፣ እስክጨርስ አትንቀሳቀሺ።»

«ለሚሄዱብኝም ንገርልኝ» አለች። «እኔን ብቻ አትቆጣ።»

ፈገግ አለ፤ ብሎኑን ግን አለቀቀም።

የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። መነጽር ቤት ውስጥ መስተዋት ይሞርዳል፤ ሌላው በዓይን ግምት የሚያሳልፈውን ጠርዝ እሱ ካልለካው እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ ሊያገባት ሲል የቀለበት ጣቷን ሦስት ጊዜ እንደለካ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ደግሞ ከምሳ በኋላ ያደረገው ጣት ያብጥ እንደሆነ ለማረጋገጥ መሆኑን ለደንበኞቿ እየነገረች ታስቃቸዋለች። ፎቶ ማንሳት የጀመረው ከተበላሸ ማይክሮስኮፕ ላይ ሌንሱን ፈትቶ ካወጣ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጨው አነሳ፤ ጥርብ ድንጋይ መሰለ። የጥርስ ብሩሽ ጫፍ አነሳ፣ የሞተ ዝንብ ዓይን አነሳ። ፎቶዎቹን እንደሱ በነገሩ ለተለከፉ ሰዎች በስልኩ ይልካል፤ እነሱም ምን እንደሆነ ለመገመት ይሽቀዳደማሉ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ነገር ይህን ያህል ሲጎላ ጥርት ብሎ የሚታየው ከፀጉር የቀጠነ አንድ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ንጣፍ አንስቶ፣ መቀመጫውን በብሎን ገፋ አድርጎ ቀጣዩን ያነሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የጠራ የጠራውን እየለቀመ አንድ ፎቶ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ምንም ነገር መነቃነቅ የለበትም። ከቤቱ ክፍሎች ወለሉ የማይርገበገበው የእናቱ ብቻ ነው። ከቅዳሜ በኋላ ክፍሉ የሱ እንደሚሆን ከሚስቱ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል።

እናቱ ከቆዳዋ ሥር የሚሄድ ነገር አለ ማለት ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በዚህ ዕድሜ አእምሮ ብዙ ነገር ይፈጥራል ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘላት፤ ለማቆያውም ወረቀት ጻፈ። እሷ ግን ማከኳን አላቆመችም። አንሶላው ደም በደም ሲሆን ካልሲውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ጨክና አልነበረም፤ ስታጥባትም፣ ስታጎርሳትም፣ ሌሊት ስትነሳላትም የኖረችው እሷው ናት፣ ሰልችቷት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ካልሲውን ሊቀይርላት ሲያወልቅ፣ ከውስጡ እንደ አመድ ያለ ነገር አልጋው ላይ ረገፈ። በጣቶቿ መሐል ቆዳዋ ወፍሮ ቢጫ ቅርፊት ሠርቷል። ማንም ሊገምተው የማይችል ነገር አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። አንዷን ቅርፊት በወረንጦ አንስቶ መቀመጫው ላይ አደረጋት።

ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ፎቶ ገጣጥሞ ሲያወጣ የቅርፊቱ ጠርዝ ውኃ እንደሸሸው ወንዝ ዳር ተሰነጣጥቆ፣ ጥርት ብሎ ታየ። መሐሉ ላይ ግን አንድ ቦታ ተደራርቦ ተበላሽቷል። የሚስቱ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠው ነው ብሎ ወጣና ለጥቂት ደቂቃ እንድታጠፋው ለመናት። ደንበኛዋን በእርጥብ ፀጉር ልሸኛት ወይ አለችው፤ ሴቶቹ ሳቁበት። እስኪሄዱ ጠብቆ እንደገና አነሳ። ያው ብልሽት ነበር፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። የመቀመጫውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትሾ አጠበቀ። እናቱን ወቀሳት፤ ትንፋሼን እንኳ ይዤልሃለሁ አለችው።

በሦስተኛው ብሎኑን ጨርሶ አልነካም። አንድ ፎቶ አነሳ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ከዚያው ቦታ ሌላ ደገመ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስተያየ። ስንጥቁ በስፍራው ነው። አቧራው በስፍራው ነው። ክብ ገላ፣ አጫጭር እግሮችና ጀርባዋ ላይ እሾህ ያላት አንዲት ነገር ግን ከስፍራዋ ለቅቃ ወደ ስንጥቁ አቅንታለች።

ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ ለማግኘት ብዙ አልፈጀበትም። የእከክ ተባይ ናት። በመነካካት፣ በአንሶላና በፎጣ ትተላለፋለች። አቅመ ደካማ አረጋውያን ላይ ቆዳን እንዲህ ታወፍራለች፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ በሽታ ጋር ይምታታል። ቅባትና መድኃኒት አላት። እስከ መጨረሻው አነበበና ተመልሶ ከመጀመሪያው አነበበ።

«ምን አየህ?» አለች እናቱ።

«ቆይ፣ መጣሁ።»

ሚስቱ ብቻዋን ፀጉር ትጠርጋለች። ኮምፒውተሩን ይዞላት ሄደ። ኤሊ ነው እንዴ ብላ ሳቀች፤ ስሙን ሲነግራት መጥረጊያውን አስቀመጠች። ከዚያ የራሷን ጣቶች ፈልቅቃ አየች።

«እኔ'ኮ የፀጉር ቀለሙ ነው የሚያሳክከኝ ብዬ...»

«ቀለሙ አይደለም። ሐኪሙ ተሳስቷል፤ አእምሮዋ ደህና ነው። ቅባት ነው መድኃኒቱ፣ ይድናል።»

በሩን ሄዳ ዘጋችው። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎጣዎች አየች።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«አንዷ ደንበኛ ብትሰማ ይህ በር በነጋታው ተዘጋ ማለት ነው። ማቆያውም ቢሆን እከክ ያለበት ሰው አይቀበልም።»

«ታዲያ ቀብተናት ትዳን።»

«ከዳኑስ በኋላ?» ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። «ጤነኛ ናቸው ብለህ ወረቀቱን ልትመልስ ነው? አልጋው እዚያው ሊቀር ነው? እኔ አልቻልኩም። ከዚህ በላይ አልችልም። አንተ ትችላለህ? ሌሊት የምነሳው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።»

መነጽር ቤት ጉድለት ያለበት መስተዋት ሲገጥመው እንደሚያደርገው፣ ነገሩን በሐሳቡ ወዲህም ወዲያም አዟዟረው። አልጋው ወጥቶ ጠረጴዛው በእናቱ ክፍል መስኮት ሥር ቢሆን ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ታየው።

«እዚያ ሐኪም ይኖራቸዋል» አለች። «ያዩታል። እንደኛ ዓይን አላቸው።»

«ይኖራቸዋል» አለ እሱም። ከዚያ ጠየቃት፦ «ለሁለት ሰው ስንት ብልቃጥ ቅባት ይበቃል?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ፎጣዎቹን አውርዳ በፈላ ውኃ ዘፈዘፈች። እሱ ከሣጥኗ የቀለም ጓንት ወስዶ ወደ እናቱ ክፍል ተመለሰ።

እናቱ እጆቿን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ትጠብቀዋለች።

«አየሃቸው?»

«ምንም የለም እማዬ። አቧራ ነው።»

«በደንብ አይተሃል?»

«ሦስት ጊዜ አነሳሁት።»

ሐኪሙ ሲነግራት ተከራክራ ነበር፤ ምራቷ ስትነግራት አኩርፋ ምግብ ትታ ነበር። አሁን ግን አልተከራከረችም።

«አንተ ካላየኸው የለም ማለት ነው» አለች። «እንግዲያስ ጭንቅላቴ ነው።»

እጆቿን ራሷ ዘረጋችለት። ካልሲውን አውልቆ ሌላ ሲያጠልቅላት ጓንቱን ዳበሰች።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«እጄ ሌንሱን እንዳያቆሽሽ ነው።»

«ድሮም ጥንቁቅ ነህ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጨርቁን አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ቅርፊቱ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል አደረገ፤ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ብሎኑን ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን የሚነቃነቅ ነገር አልነበረም። ኮምፒውተሩ የሰጠው ፎቶ እስከዚያ ቀን ካነሳው ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የጀርባዋ እሾህ አንድ ሳይቀር ይቆጠራል። ለፎቶ ወዳጆቹ ላከው። ማንም አልገመተም፤ አንዱ የባሕር እንስሳ ነው ብሎ ተወራረደ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ሚስቱ አሮጊቷን በአዲስ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ሸኘቻት፤ አለቀሰችም፤ ልቅሶዋ የውሸት አልነበረም። ባልና ሚስቱ ማታ ማታ ከአንገት እስከ እግር እየተቀባቡ፣ ልብሱን ሁሉ እየቀቀሉ ሰነበቱ፤ ማሳከኩ ለቀቃቸው። አልጋው ወጣ፤ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ገባ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ንጹሕ የሌሊት ልብስ ይዞ ወደ ማቆያው ሄደ። ከበሩ አላለፈም፤ ሥራ ይጠብቀኛል ብሎ አስታማሚ አስጠራ። አስታማሚዋ ክርኗን በመዳፏ እያሻሸች ወጣች። ስለ እናቱ ስትነግረው ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ሌት ተቀን ቢያክኩም አያማርሩም፣ ሐኪም ልጥራ ስላቸውም ልጄ በካሜራ አይቶልኛል፣ የጭንቅላቴ ነገር ነው ይላሉ አለችው።

«ሳሙና ስለቀየርን ነው መሰለኝ» አለች ክርኗን እያሳየችው። «ሌሎቹም እንደዚሁ ሆነዋል። አንተ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለህ አሉ፣ እስቲ ይኼን እየው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩ ጫፍ ጥቁር ነጥብ። ያለ ሌንስም ይታያል።

«ሳሙና ሊሆን ይችላል» አለ።

የልብሱን ከረጢት ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ እግሯ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠላት። የእናቱ ክፍል ባለበት መተላለፊያ ከነበሩት አሥራ ስድስት አረጋውያን በዚያ ቀን አሥራ አንዱ ያክኩ ነበር።