የኩኩን ጥቅል ጸጉር ለማላላት

የሂና ሽታ አስጠልቶኛል። እኔ ኸሊዳ፣ ከደሴ ወርጄ ሰመራ ላይ ጸጉር ቤት ከከፈትኩ አስራ አንድ ዓመት የሆነኝ፣ በሂና እንጀራዬን የበላሁት! ድሮ ሽታው ዝናብ የመታው ሣር ይመስለኝ ነበር። አሁን እርጥብ እበት ነው። ሙሽራ ስትመጣ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው የምበጠብጠው። ምክንያቱ ሀብትነሽ ናት። ምክንያቱ እኔም ነኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሀብትነሽ ከደጋ መጥታ እዚህ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ የሆነች፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ቁጥብ ሴት ነች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የስምንት ዓመት ልጇን ኩኩን እየጎተተች ገባች። የልጅቷ ጸጉር ሱብሃነላህ ያሰኛል! ከሥሩ እየተጠቀለለ ወጥቶ ትከሻዋ ላይ ሞገድ እየሠራ የሚወርድ፣ እጅሽን ስትከቺበት ጣትሽን ይዞ የማይለቅ። ሰው ጸጉሩን ተጠቅልሎ ውሎ የማያገኘውን ይቺ ልጅ ተኝታ ትነሣበታለች።

«በፒያስትራ ዘርጊልኝ» አለችኝ እናትየው።

«ኧረ በአላህ! ለሕፃን ልጅ እሳት አላስነካም።»

«እሺ፣ ሂና አድርጊላት። ፎረፎር አለባት።»

ፎረፎሩን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ቢሆንም ሂና ልጅ አይገድልም ብዬ ቀባኋት።

ሂና ቀለም ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል። ጸጉሩን ይለብሰዋል፣ በውሃም አይለቅም። አንዴ ሲቀቡት ያቀላዋል፣ ያብለጨልጨዋል፣ ጥቅሉ ግን ያው ጥቅል ነው። በላይ በላዩ ሲደራርቡት ነው ጉዱ። እያንዳንዷ ዘለላ ትከብዳለች፣ ሞገዱ ወደ ታች እየተጎተተ ይላላል። አንዳንዱ ጸጉር ደግሞ ጭራሽ ደርቆ ገለባ ይሆናል። ደሴ ላይ ሌሊቱን አሳድረን የምናጥበውን የሰመራ ሙቀት በሁለት ሰዓት ያበስለዋል። ይህን እያወቅሁ «ትንሽ ይቆይላት» ስትለኝ ደሴ ያለሁ ይመስል ግማሽ ቀን አቆየሁባት።

ሀብትነሽ በየቅዳሜው መጣች። በሦስተኛው ሳምንት ጥቅሉ መላላት ጀመረ። በአምስተኛው፣ ግንባሯ ላይ ቀለበት ቀለበት ይሠራ የነበረው ሁሉ ተዘርግቶ እንደ እርጥብ ጭድ ተንጠለጠለ። ልጅቷ አንገቷን ሰብራ ትቀመጣለች። አረንጓዴው ጭቃ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ዝንብ ይወርራታል። እኔ ግን እናትየው «እጅሽ ይባረክ» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር! ኤዲያ!

በስድስተኛው ቅዳሜ የራሷን ሂና በሳህን አድርጋ፣ በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ጠንከር እንዲል ብላ እንቁላልና እርጎ መትታበት ከትናንት ጀምሮ ያቆየችው ነው። ሰመራ ላይ እንቁላል ታሳድራለች! ፌስታሉ ሲፈታ አይጥ የሞተበት ቤት ሆንን። ላዩ ላይ አረፋ ይፈላል። ማድረቂያው ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛዬ ጸጉሯ ሳይደርቅ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ኩኩ ግን ወንበሩ ላይ ወጣችና ፎጣውን ራሷ አንገቷ ላይ አሰረች።

ሀብትነሽ የልጇን ጸጉር በማበጠሪያ ጫፍ ከፈለችው። ከዚያ ቅማል እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣቷ ከሥሩ ያዘችና አሳየችኝ።

«እዪው! እዚህ ሥር አሁንም አለ።»

«ምኑ? ፎረፎሩ?»

«እሱ ነዋ! ፍሬምናጦስ!»

ፍሬምናጦስ ባሏ ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። አዋሽ ላይ ከሌላ ሴት ጋር ቤት ከመሠረተ ዓመት አልፎታል። ይህን ሁሉ ያን ቀን ነው የነገረችኝ። የዚህች ልጅ ጸጉር ቁርጥ የሱን ነው አለች።

«አስተግፊሩላህ! ለዚህ ነው አምስት ሳምንት ሙሉ ያስቀባሽኝ? አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን ትመቻለሽ? አዋሽ ሄደሽ የሱን ራስ ላጪ እንጂ!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። «ሳቅፋት አገጬ ሥር የሚገባው የሱ ጸጉር ነው። ይቀፈኛል። የወለድኳት ልጅ ትቀፈኛለች፣ ኸሊዳ።»

ይህን የምትለው ልጅቷ ቁጭ ብላ እየሰማች ነው። የሳህኑ ግማት ከዚህ ይሻል ነበር። ምራቄ አፌን ሞላው፣ የምተፋበት አጣሁ። በምን አፌ ልቆጣ? ያንን ጸጉር ያበላሸው የኔ እጅ ነው።

ስልኳ ጮኸና ልታወራ ወደ ውጭ ወጣች። ወዲያው ሳህኑን ከነፌስታሉ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ ኩኩ ፊት ተንበረከክሁ።

«አብሽሪ፣ የኔ እመቤት። ከእንግዲህ አልቀባሽም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሂና የሚይዘው የወጣውን ጸጉር ብቻ ነው። ከሥር የሚመጣውን አይነካውም። ዕድሜ ልክሽን ቢቀቡሽ እንኳ ጥቅልሽ ተመልሶ ይበቅላል። ማንም አያጠፋብሽም።»

ላጽናናት ብዬ ነው፣ ወላሂ። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«በጭራሽ አይጠፋም?»

«በጭራሽ።»

«እንግዲያው ሁልጊዜ ቅቢኝ፣ እትዬ ኸሊዳ» አለችኝ እንባዋን በፎጣው እየጠረገች። «የተቀባሁ ቀን እማዬ አልጋዋ ላይ እቅፍ አድርጋኝ ታድራለች። ትንሽ ሲበቅል ግን መሬት ታነጥፍልኛለች።»

ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ሀብትነሽ በረንዳው ላይ ቆማ በስልክ ትስቃለች። እምቢ ብላት ቤቷ ወስዳ እንደዚያ ያለ ግማታም ነገር በጥብጣ ራሷ እንደምትቀባት አውቃለሁ። እምቢ ብላት ዛሬም ይቺ ልጅ መሬት ታድራለች። እናትየውን ተጸየፍኳት። ራሴንም ተጸየፍኩ። የራሴን ሂና አውጥቼ ፊቴን አዙሬ በጠበጥኩና ጓንቴን አጠለቅሁ። ኩኩ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከሥሩ ጀምሪልኝ» አለችኝ።

ከሥሩ ጀመርኩ።