ግድግዳ የሌለው በር

ሰፈሩ ሲፈርስ ሰው ፍራሹን አወጣ፣ ድስቱን አወጣ። አናጢው ግን ያወጣው በገዛ እጁ የሠራውን በር ነው። እየተንገዳገደ ተሸክሞ ሄደና የተዘጋ መጋዘን በረንዳ ላይ ከነመቃኑ አቆመው። ከኋላው አልጋውን አነጠፈ። ግራና ቀኙ ባዶ ነው፤ ንፋስ እንዳሻው ይወጣል፣ ይገባል። ሰው ግን ካላንኳኳ አይገባም።

"አንተ ሰውዬ፣" ይለዋል ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ካርቶኑ ላይ ጋደም ብሎ፣ "ድመቷ እንኳ በጎን ነው የምትገባው።"

"እሷማ አሳዳጊ የበደላት ናት።"

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ የሚይዘው ነገር አያሳጣውም፤ ለአንዱ ቀልድ ሰጠው፣ ለሌላው በር።

አንድ ጠዋት መዝጋቢዋ ፎርሟን ይዛ መጣች። መጠለያ ለሌላቸው ክፍል ሊሰጥ ነው፤ ምዝገባው እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። ፖስተኛውን በቀልዱ እየሳቀች መዘገበችው። ከዚያ በጎን በኩል ዘው ብላ አናጢው አልጋ ላይ አጎነበሰች።

"አባባ፣ እርስዎም ቤት የለዎትም አይደል?"

አናጢው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። "ማን አስገባሽ?"

"ኧረ ክፍት ነው!"

"ምኑ ነው ክፍት? ተቆልፏል እኮ!" ቁልፉን ካንገቱ አውጥቶ አሳያት። "ደግሞ ቤት የለውም ያለሽ ማነው? ሂጂ፣ የሌለውን ፈልጊ!"

"ፈቃደኛ አይደሉም" ብላ ልትጽፍ ስትል ፖስተኛው እጇን ያዘ። አምና ክረምት የአናጢው ጉልበት እንዴት እንዳበጠ ያውቃል። የዘንድሮውን አይወጣውም።

"ስሚኝ ልጄ። ሠላሳ ዓመት የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ውሻ ነክሶኛል፣ ሚስቶች ሰድበውኛል። በአጥር ዘልዬ ግን ደብዳቤ አድርሼ አላውቅም። ዙሪና አንኳኪ።"

ዞረች። መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ እያፈረች አንኳኳች።

"የሉም እንዴ?"

"አለ፣" አለ ፖስተኛው፣ "ሱሪ እየታጠቀ ነው። ይታየኛል።"

"ማነው?" አለ ድምፅ ከውስጥ።

"መዝጋቢዋ ነኝ።"

ቁልፉ ተንቋቋ። "ግቢ የኔ ልጅ። ዝጊው፣ ንፋስ እንዳይገባ።"

አልጋው ተነጥፏል። ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጦ አስቀመጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እንዲህ ያለ ነገር ደጅ ላይ አይወራም። አሁን ቤት ውስጥ ስለሆንን ልንገርሽ።" በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ አየ። "ቤት የለኝም።"

መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ጻፈች። ሁሉን የሰማው ፖስተኛ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ የሚቀልደው ጠፋው።

አናጢው ብዕሩን ተቀብሎ ሊፈርም ሲል ቆም አለ። "የምትሰጡኝ ክፍል በሩ ምንድነው?"

"ቆርቆሮ።"

"ቆርቆሮ!"

"ኧረ ፈርም አንተ!" ጮኸ ፖስተኛው።

"አንተ ደግሞ ሳታንኳኳ አትናገር!" አለና ፈረመ።